ቀዳዳውን መጀመሪያ ለማን እንንገር?

ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የጎረቤታችሁን በር ገርበብ ብሎ አገኛችሁት እንበል። ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ አያከራክርም። አንኳኩታችሁ “እትዬ አልማዝ፣ በሩ ሳይዘጋ ቀርቷል” ትላላችሁ፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። መንገድ መሐል ቆሞ “የእትዬ አልማዝ በር ክፍት ነው!” እያለ የሚጮኽ ሰው ብናይ ወይ ሰክሯል፣ ወይ ሌባ እየጠራ ነው እንላለን። የሰው ገበና መሸፈን ያደግንበት ነው።

አሁን ነገሩን ትንሽ እናወሳስበው። በሩ ክፍት የሆነው እትዬ አልማዝ ረስተው ሳይሆን ቁልፉ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ብልሽት ስላለበት ነው እንበል። ያንኑ ቁልፍ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ፣ እናንተም ጭምር፣ በራችሁ ላይ ገጥማችሁታል። ለፋብሪካው ብቻ ብትነግሩ “እሺ፣ እናየዋለን” ብሎ ዓመት ሊተኛበት ይችላል። ለሕዝቡ ብትነግሩ ሌባውም ከሕዝቡ አንዱ ነውና እኩል ይሰማል። ዝም ብትሉስ? ብልሽቱን ከእናንተ ቀድሞ ያወቀ ሌባ እንደሌለ በምን ታውቃላችሁ?

ሶፍትዌር ማለት ይኸው ቁልፍ ነው። አንድ ቦታ ይሠራል፤ በመቶ ሚሊዮኖች በር ላይ ይገጠማል። ቀዳዳ ሲገኝበት “መጀመሪያ ለማን ይነገር?” የሚለው ጥያቄ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ለአርባ ዓመት ያህል ሲያጣላ ኖሯል። ዛሬ “ኃላፊነት የተሞላበት ማሳወቅ” እየተባለ የሚጠራውን ደንብ አንዳንዱ የጨዋነት ጉዳይ ያደርገዋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሌላ ነው። ደንቡ የድርድር ውጤት ነው፤ ዝምታም ተሞክሮ፣ ጩኸትም ተሞክሮ፣ ሁለቱም በክፍሉ ውስጥ ያልነበረውን ተጠቃሚ ካስከፈሉት በኋላ የተደረሰበት።

ቁልፍ ፈልቃቂው አሜሪካዊ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከኮምፒውተር በፊት እንጀምር። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ የፈረንጆች ነው።)

በ1851 ለንደን ታላቁን ኤግዚቢሽን ስታሳይ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ወደ ከተማዋ መጣ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች በሁለት ቁልፎች ይኮሩ ነበር። አንደኛው የቸብ “ዲቴክተር” ነው፤ ሰው ሊፈለቅቀው ከሞከረ ራሱን ጠርቅሞ ለባለቤቱ የሚያሳብቅ ቁልፍ። ሁለተኛው የብራማ ነው። የብራማ ድርጅት ከ1790 ጀምሮ ቁልፉን በሱቁ መስኮት ላይ ሰቅሎ፣ መክፈቻ ሠርቶ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እሰጣለሁ ብሎ ጽፎበት ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሽልማቱን የወሰደ አልነበረም።

ሆብስ የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተው። የብራማው 16 ቀን ፈጀበት፤ በሥራ ሰዓት ሲደመር 51 ሰዓት መሆኑ ነው። ተከፈተ፤ ሆብስም 200 ጊኒውን ተቀበለ።

ለንደን ተንጫጫች። ጥያቄው ዛሬም የምንሰማው ነው፦ ይህ ሰው ለሌቦች ትምህርት ቤት ከፈተላቸው እኮ! በ1853 በሆብስ ስም የወጣው የቁልፎች መጽሐፍ ለዚህ ወቀሳ መልስ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሌቦች ሙያቸውን ከእኛ አይማሩም፤ እኛ ከምናውቀው በላይ ያውቃሉ። ብልሽቱን ሳያውቅ የቀረው ገዝቶ በሩ ላይ የገጠመው ሐቀኛ ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደማለት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሆብስ እንዲሁ ጻድቅ አልነበረም። የራሱን ቁልፍ ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ነው፤ በኋላም እዚያው ለንደን የቁልፍ ድርጅት አቋቁሟል። የሌላውን ቁልፍ በአደባባይ መክፈት ለገበያው ጥሩ ማስታወቂያ ነበር። ቀዳዳ ፈላጊው ብዙ ጊዜ የራሱ ጥቅም አለው። ይህ ግን ቀዳዳውን ውሸት አያደርገውም።

በሆብስ ዘመንና በእኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያኔ የተሸጠ ቁልፍ ከበር ላይ ተነቅሎ ካልተለወጠ በቀር አይድንም። ሶፍትዌር ግን ካለበት ሆኖ ይጠገናል፤ ኩባንያው “ፓች” የሚሉትን ማስተካከያ ይልካል፣ ተጠቃሚው ይጭነዋል። ስለዚህ “ይነገር ወይስ አይነገር?” የሚለው የቁልፍ ሠሪዎቹ ጥያቄ ወደ ሌላ ጥያቄ ተቀየረ፦ መቼ ይነገር?

ዝምታ

ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፕሮግራም ለቀቀ። “ትል” ይሉታል። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት የተገናኙት ኮምፒውተሮች 60 ሺሕ ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህ 6 ሺሕ የሚሆኑት እንደተያዙ ተገመተ። ትሉ ምንም አልሰረቀም፤ ግን ያለ ልክ እየተባዛ ማሽኖቹን አንቆ ያዛቸው። የገባው በታወቁ ፕሮግራሞች ቀዳዳና በደካማ የይለፍ ቃል ነው። ሞሪስ ተከሶ በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ መቀጮ ተፈረደበት።

ከትሉ በኋላ ወዲያው በአሜሪካ መከላከያ ምርምር ተቋም ገንዘብ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰርት የሚባል ማዕከል ተቋቋመ። ሥራው ግልጽ ነው። ቀዳዳ ያገኘ ሰው ለማዕከሉ ይነግራል፤ ማዕከሉ ለአምራቹ ያስተላልፋል፤ ማስተካከያው ሲደርስ ለሕዝብ ማስታወቂያ ይወጣል። እስከዚያ ዝም!

በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነው። ችግሩ አምራቹን የሚያስቸኩል ነገር አለመኖሩ ነበር። ቀዳዳው ካልተነገረ ደንበኛ አያጉረመርምም፤ ደንበኛ ካላጉረመረመ ደግሞ መሐንዲሱን አዲስ ነገር መሥራት ያዋጣል እንጂ አሮጌ መጠገን አያዋጣም። ሪፖርት ያደረጉ ሰዎች ለወራት መልስ ያጡ ጀመር። አንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ “ይኼ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ያለ ነገር ነው” ብሎ ይሸኛቸዋል። ዝምታው የተጠቃሚው መከላከያ ነው ተብሎ የተጀመረ ነበር፤ ውሎ አድሮ የአምራቹ ትራስ ሆነ።

ጩኸት

ብስጭቱ መውጫ ያገኘው በ1993 ነው። ስኮት ቼሲን የተባለ ባለሙያ ባግትራክ የሚባል የኢሜይል መድረክ ከፈተ። እዚያ ሰዎች ያገኙትን ቀዳዳ ከነዝርዝሩ፣ አንዳንዴም ከነማጥቂያ ኮዱ፣ በአደባባይ ያወጡት ጀመር። “ሙሉ ገለጻ” ተባለ። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ ለወራት መልስ ያልሰጡ ኩባንያዎች በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ማውጣት ቻሉ። ለካስ ይቻል ነበር!

ግንቦት 19 ቀን 1998 ደግሞ ሎፍት የሚባል የቦስተን ቡድን ሰባት አባላት አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ኢንተርኔትን በ30 ደቂቃ ውስጥ ከጥቅም ውጪ ማድረግ እንችላለን አሉ። ሴናተሮቹ የቡድኑን አባላት የጠሯቸው በኮምፒውተር ስማቸው እንጂ በእውነተኛ ስማቸው አልነበረም። ትናንት “ሰርጎ ገብ” ይባሉ የነበሩ ልጆች የመንግሥት አማካሪ መስለው የታዩበት ቀን ነው።

ጩኸቱ ግን የራሱ ሒሳብ ነበረው። በ2001 ኢአይ የተባለ ኩባንያ በማይክሮሶፍት የድረ-ገጽ ሰርቨር ላይ ቀዳዳ አግኝቶ ነገረው። ማስተካከያው ሰኔ 18 ቀን ወጣ። ሐምሌ ላይ “ኮድ ሬድ” የተባለ ትል በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ሐምሌ 19 ቀን ብቻ፣ ከ14 ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ከ359 ሺሕ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ማስተካከያው ከወጣ አንድ ወር አልፎት ነበር፤ ያልጫኑት ናቸው የተጠቁት። በዚያው ዓመት ጥቅምት የማይክሮሶፍቱ ስኮት ከልፕ ዝርዝርና ማጥቂያ ኮድ ማውጣትን “የመረጃ ሥርዓት አልበኝነት” ሲል የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ። ተቺዎቹም ቀዳዳውን የፈጠረው ማን ሆነና ነው ወቀሳው ወደ እኛ የሚዞረው ብለው መለሱ።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የዴቪድ ሊችፊልድ ታሪክ ነው። ሊችፊልድ በማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ አገኘ፤ ለኩባንያው ነገረ፤ ማስተካከያው እስኪወጣ ጠበቀ። ሐምሌ 2002 ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ቀዳዳው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ናሙና ኮድ ለባለሙያዎች ያቀረበው። ስድስት ወር አለፈ። ጥር 25 ቀን 2003 “ስላመር” የተባለ ትል ተነሣ፤ ለጥቃት ከተጋለጡት ማሽኖች ዘጠና በመቶውን በ10 ደቂቃ ውስጥ አዳረሰ። በአሜሪካ የአንድ ትልቅ ባንክ ኤቲኤሞች ገንዘብ መስጠት አቆሙ። ሊችፊልድ ትሉን ሲመረምር የራሱን ናሙና ኮድ አሻራ አገኘበት፤ ከዚያም እንዲህ ያለ ኮድ ማውጣት ይበጃል ወይ ብሎ ራሱን በአደባባይ ጠየቀ። ደንቡን ሁሉ የጠበቀ ሰው ነበር። ማስተካከያ መውጣቱና ማስተካከያ መጫኑ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዓለም የተማረው እንዲህ ነው።

የቀን ቆጠራ

በዝምታና በጩኸት መካከል መንገድ ያገኘው ቀላል ሐሳብ ነው፤ ቀን መቁረጥ። በ2000 ሬይን ፎረስት ፓፒ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ባለሙያ አንድ አጭር መመሪያ ጻፈ። ቀዳዳ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ለአምራቹ ይጽፋል፤ አምራቹ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። መልስ ከሰጠና ከተባበረ ፈላጊው ይታገሣል። ዝም ካለ ፈላጊው ነጻ ነው። አምስቱ ቀን ለመጠገን አልነበረም፤ “ደርሶኛል” ለማለት ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የዝምታው አባት ሰርት ራሱ ማስተካከያ ኖረም አልኖረም ቀዳዳውን ከ45 ቀን በኋላ ይፋ አደርጋለሁ አለ።

የዚህ ሐሳብ ብልኅነት ሁለቱንም ወገን ባለዕዳ ማድረጉ ነው። ለአምራቹ የተሰጠው ጊዜ ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው፤ መመለሻ ቀን አለው። ፈላጊውም የያዘው ምስጢር ንብረቱ አይደለም፤ አደራ ነው።

አምራቾቹም ተለወጡ። ጥር 2002 ቢል ጌትስ ለሠራተኞቹ በላከው ማስታወሻ ደኅንነት ከአዲስ ነገር መጨመር ይቅደም አለ። ከጥቅምት 2003 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ማስተካከያዎቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ማውጣት ጀመረ። ሁሉም ግን አልተለወጠም። በ2005 ማይክል ሊን የተባለ ተመራማሪ በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ስላለ ቀዳዳ ላስ ቬጋስ ላይ ሊናገር ሲል ጽሑፉ ከጉባኤው መድበል በእጅ ተገንጥሎ ወጣ። ሊን ሥራውን ለቀቀና ተናገረ፤ ክስም ተከተለው። ያስገረመው ነገር ሲስኮ ያንን ቀዳዳ ቀደም ብሎ መጠገኑ ነው።

የ2008 ክረምት

ይህ ሁሉ ክርክር የተፈተነው በአንድ ክረምት፣ በሦስት አገናኝ በሌላቸው ታሪኮች ነው።

አንደኛው ታሪክ የኢንተርኔትን የስልክ ማውጫ ይመለከታል። የድረ-ገጽ ስም ስትጽፉ ኮምፒውተራችሁ ያንን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰርቨር ይጠይቃል፤ ዲኤንኤስ ይሉታል። ሐሰተኛ መልስ እንዳይገባ ጥያቄና መልሱ አንድ የምስጢር ቁጥር ይጋራሉ፤ ቁጥሩ ግን ከ65,536 አማራጮች አንዱ ብቻ ነው። አጥቂ አንዴ ገምቶ ከሳተ ብዙ መጠበቅ አለበት ስለሚባል ይበቃል ተብሎ ተኖረ። በ2008 መጀመሪያ ዳን ካሚንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሳይጠብቁ ደጋግሞ መገመት የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ። የሌሉ ስሞችን በተከታታይ እያስጠየቁ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ዕድል መሞከር። በሰከንዶች ውስጥ ይሳካል። ከዚያ በኋላ የባንካችሁን ስም በትክክል ጽፋችሁ ሌባው ቤት ትገባላችሁ፤ ስሙ ያው ስለሆነ አታውቁም።

ካሚንስኪ ምን አደረገ? ለሌቦች ቢሸጠው ሀብታም ይሆን ነበር። በአደባባይ ቢያወጣው በዓለም ያለ ሰርቨር ሁሉ በአንድ ቀን ይጋለጥ ነበር። አምራቹ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ጥፋቱ የአንድ ፕሮግራም ሳይሆን የንድፉ ነው። ስለዚህ ከዲኤንኤስ አንጋፋዎች አንዱ ለሆነው ፖል ቪክሲ ደወለ። መጋቢት 31 ቀን አሥራ ስድስት ሰዎች በማይክሮሶፍት ግቢ ተሰበሰቡ፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ሁሉም በአንድ ቀን ማስተካከያ ሊያወጡ ተስማሙ። ያም ቀን ሐምሌ 8 ሆነ። ማስተካከያው ራሱ ቀዳዳውን እንዳያሳብቅ ተደርጎ የተመረጠ ነው፤ መልስ የሚመጣበትን በር ጭምር በዘፈቀደ እየለዋወጠ ግምቱን በብዙ ሺሕ እጥፍ የሚያከብድ።

ካሚንስኪ ባለሙያዎችን አንድ ነገር ለመነ፦ ለ30 ቀን በአደባባይ አትገምቱ፤ ሰው ይጫን። ብዙዎች ተቆጡ። “እመኑኝ” ማለት በዚህ ሙያ ውስጥ ስድብ ነው። ጥቂቶቹ ዝርዝሩን በስልክ ሲሰሙ ትችታቸውን አነሡ። ምስጢሩ ግን የቆየው 13 ቀን ነው። ሐምሌ 21 ቀን አንድ ጀርመናዊ ባለሙያ ግምቱን ጻፈ፤ ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ኩባንያም የተዘጋጀ ጽሑፉን በስሕተት ለቅቆ ወዲያው አነሣው። ኢንተርኔት ላይ “አነሣሁት” የሚባል ነገር የለም። በቀናት ውስጥ ማጥቂያ ኮድ ተሠራ። በወሩ መጨረሻ የዚያ ማጥቂያ መሣሪያ ባለቤት የሚሠራበት ኩባንያ ራሱ ማስተካከያ ባልጫነ የኢንተርኔት አቅራቢ በኩል ወደ ሐሰተኛ ገጽ ተወሰደ! ሆኖም 13 ቀን ትንሽ አልነበረም፤ ከትላልቆቹ አቅራቢዎች ብዙዎቹ እስከዚያ በራቸውን ዘግተዋል። ካሚንስኪ በ2021 በ42 ዓመቱ ሲሞት ሙያው ያለቀሰለት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከኔዘርላንድስ ነው። የራድቦድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይፌር ክላሲክ የሚባለውን፣ በአውቶቡስና ባቡር ካርዶች ውስጥ በዓለም ዙሪያ የሚገኘውን ቺፕ ምስጢራዊ ስሌት ፈቱ። መጋቢት ላይ ለመንግሥትና ለአምራቹ ኤንኤክስፒ ነገሩ፤ ጽሑፋቸው ሊታተም የታሰበው ጥቅምት ላይ ነው። አምራቹ ኅትመቱን ለማሳገድ ከሰሰ። የአርነም ፍርድ ቤት ሐምሌ 18 ቀን ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ጉዳቱ የሚመጣው ከጽሑፉ መታተም ሳይሆን ጉድለት ያለበትን ቺፕ ሠርቶ ከመሸጥ ነው አለ። ሆብስ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ሦስተኛው ከቦስተን። የኤምአይቲ ሦስት ተማሪዎች በከተማዋ የባቡር ቲኬቶች ላይ ያገኙትን ቀዳዳ ላስ ቬጋስ ላይ ሊያቀርቡ ሲሉ የትራንስፖርት ድርጅቱ ነሐሴ 9 ቀን የእግድ ትእዛዝ አወጣባቸው። ስላይዳቸው ግን ቀድሞ ለጉባኤተኛው በሲዲ ታድሏል። ድርጅቱም ልጆቹ በምስጢር የሰጡትን ሪፖርት ከክሱ ጋር አያይዞ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ውስጥ አስገባው። ገበናውን ሊሸፍን ሄዶ ራሱ አሰጣው። በአሥረኛው ቀን እግዱ ተነሣ። ተማሪዎቹም ከድርጅቱ ጋር የተገናኙት ሊናገሩ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነበርና ከወቀሳ ነጻ አልነበሩም።

ሦስቱን አስተያዩ። ካሚንስኪ ወራት ሰጠ፤ የሚመልስለት ሰው አገኘ። ሆላንዳውያኑ ወራት ሰጡ፤ ያገኙት ክስ ነው። ቦስተን ላይ ጊዜውም መተማመኑም አልነበረም። ልዩነቱን የወሰነው በሁለቱም ጫፍ ያለው ሰው ነው። ፈላጊው ምን ያህል ጊዜ ሰጠ? ተቀባዩስ ስልኩን አነሣ ወይስ ጠበቃ ጠራ?

ገበያውና መንግሥት

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ገባበት። በ1995 ኔትስኬፕ ቀዳዳ ላገኘ ሽልማት ሰጥቶ ነበር፤ ሐሳቡ የተስፋፋው ግን መጋቢት 2009 ሦስት ባለሙያዎች “ከእንግዲህ ነጻ ቀዳዳ የለም” ብለው ከወጡና በ2010 ጉግል መክፈል ከጀመረ በኋላ ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት ደግሞ ቀዳዳ ለነገረው ሰው ቲሸርት ይሰጣል፤ “የሆላንድን መንግሥት ሰበርኩ፣ ያገኘሁት ግን ይህን ተራ ቲሸርት ብቻ ነው” የሚል ዓይነት ቀልድ የተጻፈበት። በ2014 ጉግል ፕሮጀክት ዜሮ የሚባል ቡድን አቋቁሞ 90 ቀን የሚል ገደብ አወጀ። ጥር 2015 የማይክሮሶፍትን ቀዳዳ ማስተካከያው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ይፋ አደረገ። ማይክሮሶፍት ተቆጣ፤ ጉግልም በሚቀጥለው ወር 14 ቀን የእፎይታ ጊዜ ጨመረ። ሰዓትም ርኅራኄ ያስፈልገዋል።

ያልተዘጋው ትልቁ ጥያቄ ግን ፈላጊው መንግሥት ሲሆን ነው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ በዊንዶውስ ላይ ያገኘውን ቀዳዳ ለዓመታት ለራሱ ሥራ ደብቆ ያዘ። መሣሪያው ሊሾልክ መሆኑ ሲታወቅ ማይክሮሶፍት መጋቢት 2017 ማስተካከያ አወጣ፤ ሚያዝያ ላይ መሣሪያው አደባባይ ወጣ፤ ግንቦት 12 ቀን “ዋናክራይ” የተባለው ጥቃት በ150 አገሮች ከ200 ሺሕ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን መለሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይህ ገበያ እኛንም ነክቶናል። ካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2014 የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ እንዳነጣጠረ አሳየ። በ2015 የኩባንያው ሰነዶች ሾልከው ሲወጡ ለአምራቾቻቸው ያልተነገሩ ቀዳዳዎችን ይገዛ እንደነበረና ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ ኢንሳም እንደነበረበት ታየ። ሁሉም ስለላ ያልታወቀ ቀዳዳ ይፈልጋል ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው አታልሎ ፋይል በማስከፈት ነው የሚገባው። ነገር ግን ለአምራቹ ያልተነገረ ቀዳዳ ባዶ ሜዳ ላይ አይቀመጥም፤ ገዢ ያገኛል።

እኛ ዘንድስ?

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሥርዓት ማሻሻያ ሥራ የመጣ ብልሽት ነው አለ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፤ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተንቀሳቀሰ ተናገረ፤ በኋላም ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ለጠፈ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ የተሳቀ ቀልድ አለ። አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ብዙም አልተነሣም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብልሽቱን አይቶ፣ ገንዘቡን ሳይነካ ለባለቤቱ መንገር የፈለገ ተማሪ ምን ማድረግ ነበረበት? የሚጽፍበት አድራሻ የቱ ነው? ያን ሰዓት የሚያነሣስ ማን ነው? “አንተ እንዴት አወቅህ?” ተብሎ ራሱ ቢጠረጠርስ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል፤ የአንቀጹ መለኪያ ፈቃድ ነው። ሕጉ ትክክለኛ ምክንያት አለው፤ የሰው ሥርዓት በዘፈቀደ የሚነካካ ሁሉ “ልፈትሸው ብዬ ነው” እያለ ማምለጥ የለበትም። ግን በቅን ልብ የሚነግርን ሰው ከሌባው ለይቶ ማየት ይቻላል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ግንቦት 2022 በቅን ልቡና የሚደረግ የደኅንነት ምርምርን እንዳይከሱ ለዐቃቤ ሕጎቹ መመሪያ የሰጠው ከሞሪስ ትል ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ ያን ያህል መጠበቅ አይኖርብንም።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ባንኩም፣ ቴሌውም፣ የታክሲ አፑም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ድረ-ገጹ ላይ አንድ ግልጽ አድራሻ ያውጣ። “ቀዳዳ ካገኛችሁ እዚህ ንገሩን፤ የማንንም መረጃ ካልነካችሁ፣ ጉዳት ካላደረሳችሁና ጊዜ ከሰጣችሁን አንከሳችሁም” ይበል። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ “ደርሶኛል” ብሎ ይመልስ።

እናንተ ኮድ የምትጽፉ፣ ሌሊት ሌሊት የሰው አፕ ስትነካኩ የምታድሩ አንባቢዎችም የራሳችሁ ድርሻ አላችሁ። ያልተፈቀደላችሁን በር አትግፉ። በአጋጣሚ ተከፍቶ ብታገኙት ግን ቀዳዳው መኖሩን ለማወቅ ከሚበቃው በላይ አትሂዱ፤ የሰው ስምና ሒሳብ አታውርዱ። ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ። ለባለቤቱ በጽሑፍ ንገሩ፤ ቀን ቁረጡለት። ለጓደኛ ቴሌግራም ላይ መላክ “ማሳወቅ” አይደለም። ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ አወጣዋለሁ ማለትም ማስፈራራት ነው፤ ስሙን አናሳምረው። ባለቤቱ ዝም ካለ አገናኝ የሚሆን ሦስተኛ ወገን ፈልጉ፤ ኢንሳ ሥር ያለው ኢትዮ-ሰርት የተቋቋመው በስሙ ለዚህ ነው። አደራ ተቀባዩና የስለላ መሣሪያ ገዢው አንድ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ግን መተማመን በአዋጅ አይመጣም። ቤቱ የተነገረውን ሁሉ ለአምራቹ እንደሚያደርስ በሥራ ማሳየት አለበት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉን ይዞ የሚመጣው ልጅ በር ላይ ቆሟል። ተቋሞቻችን ገና ያልመለሱት ጥያቄ በሩን ማን ይከፍትለታል የሚለውን ነው።